የገለባ ልጆች

ፖንት ሄሊግ፣ ዌልስ
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ባሕር መሃል ነዳጅ በሚቆፈርበት የብረት ማማ ላይ ለተሰቀልከው ለእህቴ ልጅ ለካራዶግ፤

ከሰላምታዬ በፊት አቤቱታ አለኝ። የፀጉር ማድረቂያዬን ፖሊስ ወሰደችብኝ።

ሳቅ፣ ግድ የለም። «ጋሼ፣ ደግሞ አንተ ፀጉር የት አለህ?» እንደምትል አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ራሴ እንደ እንቁላል ከለሰለሰ ዘመን ሆኖታል። ማድረቂያውም የነፍስ ኄር ሚስቴ ነበር፤ ሐምራዊ ነው፣ ሲነፋ እንደ አሮጌ ትራክተር ያጓራል። ቢሆንም ንብረት ንብረት ነው። ሰው ተመለጠ ተብሎ ይወረሳል እንዴ?

የሆነውን ልንገርህ። አንፀባራቂ ሰደርያ ለብሼ፣ ወንበሬን ከቤቴ ፊት ካለችው አጭር ግንብ ጥግ አውጥቼ፣ ማድረቂያውን ወደ ዳገቱ አነጣጥሬ ተቀመጥኩ። ከሩቅ ሲያዩት የፖሊስ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይመስላል። ከዳገቱ እንደ እብድ የሚወርደው ሹፌር ሁሉ ሲያየኝ ፍሬኑን ይረግጥና ቅዳሴ እንደረፈደበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ ያልፋል። አንዱማ ጭራሽ ቆሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ጌታዬ፣ ስንት እየነዳሁ ነበር?» አለኝ። «የዛሬውን ምሬሃለሁ፤ እናትህን ሰላም በልልኝ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አንዲት ልጅ እግር ፖሊስ መጣች።

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የፀጉር ማድረቂያ።»

ቀና ብላ ራሴን አየች። «የማን ፀጉር?»

«ተስፋ አልቆረጥኩም።»

ሳቋን ልትውጠው ታገለች፣ አልቻለችም። ከዚያ ኮስተር ብላ «ፖሊስ መስሎ መቀመጥ ያስጠይቃል» አለችኝ። እኔም አፌ አያርፍም፣ «እናንተ ራሳችሁ ብትቀመጡ ኖሮ እኔ መች በዚህ ብርድ እቀመጥ ነበር?» አልኳት። ይህን ስላት ሳቋ ጠፋ። ከዳገቱ ግርጌ ያለውን ቦታ፣ የእናንተን የአጥር በር አየች። ያን ቀን መንገዱን ዘግተው ከቆሙት አንዷ እሷ ነበረች፤ አሁን ነው መልኳ ትዝ ያለኝ። «አባት፣ ይግቡ፣ ይበርድዎታል» አለችኝና ማድረቂያውን በብብቷ ይዛ ሄደች።

አየህ፣ በማድረቂያ ጀመርኩና እዚያው ደረስኩ። በየትም ብጀምር የምደርሰው እዚያው ነው።

የምጽፍልህ ስልክ ስለማታነሳ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሳድል ኖሬ የራሴን ለመጻፍ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ የፊታችን ማክሰኞ የምክር ቤቱ ሰዎች መንገዱን በዓይናቸው ሊያዩ ይመጣሉ። የእግረኛ ማቋረጫ ይሰጠን እንደሆነና እንዳልሆነ የሚቆርጡት ያን ዕለት ነው። አደጋ ከደረሰበት ልጅ ቤተሰብ አንድ ሰው ቆሞ ይናገር ብለዋል። ሚስትህ ኤሉነድ አልናገርም ብላለች። እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ለማቋረጫው ብቻ አይደለም።

አሁን ወሬዬን ልቀጥል።

መንደሩ እንደተውከው ነው። መታጠፊያው ላይ ያለው የመንገድ መብራት እስካሁን አልተጠገነም። የጠዋቱን አውቶቡስ ካስቀሩብን ወዲህ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግራቸው ነው፤ የእግረኛ መንገድ በሌለበት፣ ከአጥሩ ጋር ተጣብቀው፣ የጭነት መኪናው ሲያልፍ ቦርሳቸው በነፋሱ እየተወዛወዘ። መኸር ሲገባ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠራን። ምክር ቤቱ አንድ ወጣት ኢንጂነር ላከልን። ወረቀቱን ዘርግቶ «በዚህ መንገድ የተመዘገበው ከባድ አደጋ አንድ ብቻ ስለሆነ መስፈርቱ ላይ አይደርስም» አለ።

ኤሉነድ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ሰውየው አያውቃትም።

እትዬ ብሎድዌንን ታውቃታለህ፣ የጸሎት ቤቱን ቁልፍና የሰውን ኃጢአት አንድ ላይ የምትይዘውን። ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች። «እንግዲህ ስንት ልጅ ነው የምናዋጣው? ቁጥሩን ንገረንና በየቤቱ እንደልድለው» አለችው።

የኢንጂነሩ ፊት ደም መሰለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ መስፈርቱን የጻፈው እሱ አይደለም። ግን የዚያን ምሽት መስፈርቱን ይዞ የቆመው እሱ ነበር፤ ሰው ደግሞ የሚቆጣው ፊቱ ያለውን ነው።

የገለባ ልጆቹ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። በየመኸሩ የገለባ ሰው ውድድር እንደምናደርግ መቼም አትረሳም። እኔ የምክር ቤቱን ሰብሳቢ በገለባ ሠርቼ ምክር ቤቱ ደጃፍ ያቆምኩ ጊዜ፣ «ከእውነተኛው ይልቅ ይሄኛው ሥራው ላይ ይገኛል» ተብዬ አንደኛ የወጣሁበትን። ዘንድሮ ብሎድዌን «ንጉሥም የባሕር ወንበዴም አይሠራም። ልጆች እንሠራለን። በመንገዱ ዳር እናቆማቸዋለን። ሹፌር ለእውነተኛ ልጅ ካልቀነሰ ለገለባ ይቀንስ እንደሆነ እናያለን» አለች። አሥራ ሁለት ሠራን። ጎረምሶቹ ገለባ አጨቁ፤ እኔ ዳገቱ ጫፍ ላይ ችካል ስቸክል ዋልኩ፣ ወገቤ እስካሁን ይሰድበኛል። ሴቶቹ ደግሞ አለበሷቸው።

ልብሱ የመጣው ከጸሎት ቤቱ ሳጥን ነው። የሳጥኑን ደንብ ታውቃለህ፤ የሚሰጥ ሰው ስሙን አይናገርም፣ የሚወስደውንም ማንም አይጠይቀውም፤ የማን ነበር ብሎ መመርመር ነውር ነው። እናትህ «ልብስ አፍ የለውም» ትል ነበር። ለድሃ ክብር ተብሎ የወጣ ደግ ደንብ ነው። ብሎድዌንም ደንቡን ጠብቃ፣ ዓይኗም እንደምታውቀው ነው፣ እጇ የገባውን እያወጣች አለበሰች።

ኤሉነድ የልጃችሁን የቴይሎን ልብሶች በጸደይ እዚያ ሳጥን ውስጥ እንደከተተቻቸው አላወቅንም ነበር። ለማንም አልነገረችም። ለኔም።

የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ የሚለብሰው አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮት ስለሆነ ማንም ልብ ሊለው አይችልም። ያንን ኮት የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የላይኛው አዝራር። ቴይሎ የራሱን ጥሎ የመጣ ጊዜ ከአሮጌው የፖስታ ኮቴ ላይ ቆርጬ የናስ አዝራር ሰፋሁለት። አስታወስክ? «አሁን እኔም ፖስተኛ ነኝ» ብሎ ከዚያን ቀን ጀምሮ የዛፍ ቅጠል እየለቀመ ለየቤቱ ማደል ጀመረ። ለብሎድዌን ደረቅ ቅጠል አምጥቶላት «የመብራት ሒሳብ ነው» ያላት ጊዜ አዳራሹን ሁሉ ለሳምንት አስቃለች።

ሰኞ ጠዋት ዝናብ ነበር። እኔ መስኮቴ ጋ ነበርኩ፤ የት እሄዳለሁ? ኤሉነድ ከቤቷ ወጥታ በመንገዱ በራሷ ወገን በኩል ወደ ሥራ ስትሄድ አየኋት። የገለባ ልጆቹን አንድ በአንድ አለፈቻቸው። አምስተኛው ጋ ስትደርስ ቆመች። ከእናንተ የአጥር በር አጠገብ ያለው ነው።

እጇን ወደ አንገቱ ሰደደች፤ አዝራሩን ነካችው። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ልጮህ ብዬ መስታወቱን መታሁት፣ አልሰማችኝም።

እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር። ኮቱን ትገፈዋለች ብዬም አሰብኩ። ያደረገችውን ብነግርህ ይሻላል። ቆቡን ከኋላ አንስታ አለበሰችው፤ ዝናብ ነበራ። የተከፈቱትን አዝራሮች ቆለፈችለት። ከዚያ ከእጅጌው የወጣውን የገለባ እጅ ያዘችና አጠገቡ ቆመች። በቃ ቆመች። የሚመጣው መኪና ሁሉ ቀነሰ። አንድ የእንጨት ጭነት የያዘ ትልቅ መኪና ጭራሽ ቆመ፤ ሹፌሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ባርኔጣውን አወለቀ።

ብሎድዌንን ሄጄ ጠራኋት። ስትደርስ ምርኩዟ ከእጇ ወደቀ። «ልጄ፣ ምን አደረግኩሽ? ዓይኔ ይጥፋ!» እያለች መሬት ላይ ልትንበረከክ ነበር።

ኤሉነድ በክንዷ ደግፋ አነሳቻት። «ተይው እትዬ። ሳጥኑ ውስጥ ጨለማ ነበር» አለቻት።

ይህን ስሰማ ዞሬ ግንቡን ማየት ጀመርኩ። ግንብ ጥሩ ነገር ነው፤ ምንም አይጠይቅህም።

በማግስቱም ቆመች፤ ከሥራ በፊት ጠዋት፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። ልጆቹ ሲያልፉ «ደህና ዋላችሁ» ትላቸዋለች፤ እነሱም «ደህና ዋሉ» ይሏታል፣ ከዚያ ትንሽ አመንትተው የገለባውንም ልጅ ሰላም ይሉታል።

ትናንት ምክር ቤቱ ሰዎችና የጭነት መኪና ላከ። የሹፌሮችን ትኩረት ይሰርቃሉ ተብሎ ሊነቅሏቸው ነው። ትኩረታቸውን! እኛ እኮ ዓመት ሙሉ የለመንናቸው እሱን ነው። ያው ኢንጂነር አብሮ መጥቷል። አሥራ አንዱን ነቅለው ወደ መኪናው ወረወሩ፤ አንዱ እግሩ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። ዝናቡ እየወረደ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ አባት የሚሆን ሽማግሌ ሰው ነው፣ የቀረውን እጅ ይዛ ከቆመችው ከኤሉነድ ኋላ መጣና ድምፁን ለስለስ አድርጎ «እመቤቴ፣ ልጅዎን ይዘው ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፤ መኪናው ወደ ኋላ ሊመለስ ነው፣ እንዳይገጨው» አላት።

ኤሉነድ ዞር አለች። «ልጄን ነው ያልከኝ?»

«አዎ፣ ልጅዎን።»

«አመሰግናለሁ» አለችው።

ሽማግሌው ያኔ ጎንበስ ብሎ ከቆቡ ሥር አየ። ገለባ ነው። ቀና ብሎ እሷን አየ። ከዚያ የአጥሩን በር፣ እዚያ ላይ የታሰሩትን የደረቁ አበቦች። ወደ መኪናው ተመለሰና በሩን ዘጋ። ኢንጂነሩ «አንድ ቀርቷል እኮ» ሲለው ሰማሁ። ሽማግሌው «አንተ ንቀለው» አለው። ወጣቱ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ እሱም ገባ። አሥራ አንድ ይዘው ሄዱ።

ምሽት ላይ ኤሉነድ ወደኔ መጣች። እንዴት እንደምትመጣ ግን ልንገርህ፤ ይህን አታውቅምና። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን መንገድ ተሻግራ አታውቅም። አንድ ጊዜም። ከቤቷ እኔ ቤት ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል፤ እሷ ግን ወደ ወንዙ ትወርዳለች፣ በድልድዩ ሥር ታልፋለች፣ በበጎቹ ማሳ ዳር ወጥታ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆኖ በጓሮ በኩል ትገባለች። እኔም ምንም እንዳላየሁ ጫማዋን ምድጃው አጠገብ አደርቅላታለሁ። ትናንትም እንደዚሁ አደረግን።

«ማክሰኞ ለምን አትናገሪም?» አልኳት።

«ምን ልበል ጋሼ?»

«የሆነውን።»

«እኔ የሆነውን አላየሁም፤ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ያየው እሱ ነው። ያየውን ሳይነግረኝ ሄደ። ግማሹን ይዤ ምን እናገራለሁ?»

ሻይዋ ቀዘቀዘ። ደፍሬ ጠየቅኳት። አንተ ስትሄድ ባቡር ጣቢያው ላይ የጠየቅከኝን። «ትወቅሺዋለሽ?» አልኳት።

«የልጁን እጅ ለቀቀ ብዬ አንድ ቀን ወቅሼው አላውቅም። የኔን እጅ ለምን ለቀቀ?» አለችኝ።

ይህን ጻፍለት አላለችኝም። አትጻፍ ብላም አልከለከለችኝም። ስትወጣ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አይታለች።

ካራዶግ፣ አንተና እኔ ስለዚያ ጠዋት ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ቀልዴን አወራለሁ፣ አንተ ዝም ትላለህ፤ በዚህ ተስማምተን ኖርን። አሁን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። አንተ በጎቹ እንዳይገቡ የአጥሩን በር ልትዘጋ ዞር አልክ። ያደረግከው ይህንን ብቻ ነው፤ በር ዘጋህ። ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያደርገውን። መኪናው ለመንደር በማይገባ ፍጥነት መጣ። ቴይሎ በእጁ አንድ ትልቅ ቢጫ ቅጠል ይዞ ነበር። ለማን ሊያደርሰው እንደነበር አልነግርህም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው። ወደ መስኮቴ እያየ ይስቅ ነበር።

ቅጠሉ እኔ ጋ አለ፤ ደርቋል፣ ግን አልተሰበረም። ይህም ይበቃል።

መንደርተኛው ሁሉ በጓሮ በር እንደሚገባ ታውቃለህ። የፊት በር ለሐኪም፣ ለሰባኪና ለሬሳ ነው። ያንን ደንብ የማያከብር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ «ፖስተኛ በጓሮ አይመጣም» እያለ ከመንገዱ ቀጥታ መጥቶ፣ የበሩ እጀታ ጋ ስለማይደርስ ከታች በጫማው ጫፍ ሦስቴ የሚያንኳኳ። ከዚያ ወዲህ በሩን አልከፈትኩትም። እንጨቱ በእርጥበት አብጦ ይሆናል። ለፖስተኛው የማስቀምጠው የዝንጅብል ብስኩት ቆርቆሮም እንደነበረ ነው፤ ለራሴ ብዬ እንዳልበላው ጥርሴ አይችለውም።

ባሕር ላይ መኪና የለም፣ ገብቶኛል። አስፋልት የማይደርስበት ቦታ ፈልገህ ሄድክ። እኔም ጉልበት ቢኖረኝ አብሬህ እወጣ ነበር፤ ግን እኔን የሚሸከም ማማ ከየት ይገኛል? ስማኝ ልጄ። ማክሰኞ እነዚያ ሰዎች መንገዱ ዳር ይቆማሉ። ግማሹን እሷ ታውቃለች፣ ግማሹን አንተ። ማቋረጫውን ይስጡንም ይከልክሉንም፣ ሁለቱ ግማሾች አንድ ጊዜ አንድ ቦታ መቆም አለባቸው። ሌላው ልጅ በዚያ መንገድ ይሻገራል፤ ዛሬ ጠዋትም ተሻግሯል፣ እኔ መስኮቱ ጋ ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኳቸው።

ከአውሮፕላን ጣቢያው በአሮጌዋ መኪናዬ እወስድሃለሁ። ስለ ፍጥነቷ አትስጋ፤ በጎች ይቀድሙናል። የምትተኛበት ክፍል እኔ ጋ አለ፣ ለመነሻው። ሾርባ አለ። የብሎድዌን ኬክም አለ፤ እሱን ግን ለገለባ ልጆቹ መሙያ ብናደርገው ይሻል ነበር።

እንግዲህ በባሕር መውጣት መግባትህን አምላክ…

ቆይ። በር ተንኳኳ።

የጓሮው አይደለም፣ የፊቱ ነው።

ጆሮዬ ከታች በኩል ነበር የጠበቀው። ከታች አይደለም ግን። ከላይ ነው፣ በእጅ። የምክር ቤቱ ሰዎች የቀረውን አንድ የገለባ ልጅ ሊጠይቁኝ መጡ ብዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ።

ኤሉነድ ናት። ሰማያዊውን ኮት እቅፍ አድርጋ ይዛለች። ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ጫማዋ ላይ ነው። ጭቃ የለበትም።

መንገዱን ተሻግራ ነው የመጣችው፣ ካራዶግ። ብቻዋን።

ለምን እንደመጣች አላውቅም። አሁንም እያንኳኳች ነው። በሩ እምቢ ካለኝ ትከሻዬን እሰጠዋለሁ፤ ይከፈታል። በረከቴን መጨረስ አልቻልኩም፣ የቀረውን እዚህ መጥተህ ከአፌ ስማው።

ና ልጄ።

አጎትህ ኤምሪስ